የካቡ ዋጋ

ወንድሜ ከአሜሪካ የደወለው በ2011 ዓ.ም. በጋ ላይ ነበር። በሲሲሊ ደሴት ሳምቡካ የምትባል አንዲት ትንሽ የጣሊያን ከተማ ሰው የለቀቃቸውን ጥንታዊ የድንጋይ ቤቶች፣ ገዢው ሊያድሳቸው ቃል እስከገባ ድረስ፣ ከ1 ዩሮ በሚነሣ ዋጋ ለጨረታ ማቅረቧን አንብቧል። «የማላውቀው ሰው አያት የኖረበትን ቤት በአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ከምገዛ የራሴን አያት ቤት በደህና ዋጋ ብገዛ አይሻልም?» አለኝ። ነገሩ ለእኔም ጣመኝ። የእናታችን አባት ያሠሩት የድንጋይ ቤት ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ ባለች አንዲት መንደር ዛሬም እንደ ቆመ እንሰማ ነበር። የመንደሯን ስም አልጠቅስም፤ ዛሬም ሰው የሚኖርባት ናትና።

እናታችን ወሬውን ስትሰማ ከመቀመጫዋ ቀና ብላ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ።»

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ብሂል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን። እኔ ግን እንደ ጌጥ ነበር የምሰማው። እናቴ የተናገረችው እንደ ሕግ አንቀጽ ነው። በአሮጌው የበጌምድር ሥርዓት ርስት የሚገኘው በግዢ ሳይሆን በትውልድ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ዋና አባት ይጠራል፤ ከእርሱ በአባትም ሆነ በእናት በኩል መወለዱን ቆጥሮ ያስረዳ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። ሺህ ዓመት የተባለው ለዚህ ነው፤ መብቱ በዘመን ብዛት አይጠፋም፤ ተኝቶ ይቆይና ቆጣሪ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ከዐባይ ማዶ፣ ጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ ሥርዓት መርምሮ በ1973 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። ከዚያ መጽሐፍ ያልረሳሁት ነገር ቢኖር የትውልድ ሐረግ ቆጠራው ራሱ ሙግት መሆኑ ነው። ሰው አያት ቅድመ አያቱን የሚያስታውሰው መሬት ባለበት በኩል ነው።

ከመንገዴ በፊት ጠበቃ የሆነ ወዳጄን አማከርሁት። እርሱ ሳቀብኝ። «መጀመሪያ የምትገዛውን ለይተህ እወቅ» አለኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ያው አንቀጽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ዜጋ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት ይሰጠዋል፤ ሊሸጠው፣ ሊያወርሰው፣ የመጠቀም መብቱ ሲያበቃም ንብረቱን ሊያነሣ ይችላል። «ስለዚህ ካቡን ልትገዛ ትችላለህ፤ ካቡ የቆመበትን ግን አትገዛም። በገጠር ደግሞ መሬቱ የሌለው ሰው ካቡን ይዞ የት ይደርሳል?» ወንድሜ የውጭ ዜጋ መሆኑንም አነሣሁለት። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በወጣው በ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ቢጫ ካርዱን መያዙ ቤት ለመግዛት ይረዳዋል፤ ገበሬ ግን አያደርገውም።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ሄድሁ። ሰው ልቡ ከቆረጠ ምክር የሚጠይቀው ለወጉ ነው።

ስለ ቤቱ ዕድሜ በቤተሰባችን ያለው ማስረጃ አንድ ነው፤ «የአንቺም ማግስት» ይባላል። የበጌምድር ገዥና የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባለቤት ራስ ጉግሣ ወሌ ከራስ ተፈሪ ጋር ተቃቅረው ከደብረ ታቦር ጦራቸውን አስከትተው ወጡ፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ተዋግተው ወደቁ። ንግሥቲቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ። በዚያ ጦርነት ነው አውሮፕላን በበጌምድር ሰው ራስ ላይ ያንዣበበው፤ አስቀድሞ ራስ ጉግሣን የሚቃወም በራሪ ወረቀት፣ ኋላም ቦምብ ጣለ። ከገበሬው ጦር ብዙው ከጦርነቱ በፊት ወደየቀየው ተበተነ። አያቴ ከተበተኑት ወገን ነበሩ። ይህን የማውቀው እናቴ ስለ ዘመቻው ስትናገር ሁልጊዜ «ዘመቱ» ብላ ስለምታቆምና «ተዋጉ» ስለማትል ነው። በቤታችን እንደሚቀለደው ሰማይ ላይ ብረት ሲያጉረመርም የሰማ ሰው ከሣር ጣራ ሥር እንቅልፍ አልወስድ ስላለው ድንጋይ አስጠረበ። ጣራው ግን ያው ሣር መሆኑን ማንም አንሥቶ አያውቅም።

እውነተኛው ምክንያት ከዚህ ይቀላል። ጉና የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከፍታው ከ4000 ሜትር ይበልጣል፤ ርብና ጉማራ ከጎኑ ይፈልቃሉ። ደጋው ላይ ዛሬ ባሕር ዛፍ ሞልቷል፤ ያን ጊዜ ግን ድንጋይ እንጂ እንጨት አልነበረም። መንገዱ ላይ ካሉት ከተሞች አንዷ ክምር ድንጋይ መባሏ ለአካባቢው የሚበቃ መግለጫ ነው። ገበሬው እርሻውን ሲያጠራ የለቀመውን ጥቁር ድንጋይ ይከምራል፤ ሲቸግረው ይክበዋል። ከጭድ ጋር የተረገጠ ጭቃ ማያያዣው ነው። ኖራ በነገሥታቱ ግንብ፣ በሠርፀ ድንግል ጉዛራና በፋሲል ጎንደር ያምራል እንጂ ከገበሬ ደጃፍ አይደርስም። ግድግዳው አንድ ክንድ ይወፍራል። በበሩ መቃን በኩል ብቻ ግንበኛው ችሎታውን ያሳያል፤ ጥርብ ድንጋይ ይመርጣል፤ በላዩ የዝግባ ወይም የወይራ ጉበን ያጋድማል። ከውስጥ መደብ፣ ጓዳ፣ ምድጃ፤ ከብቱ በጋጡ ውስጥ ሆኖ ትንፋሹን ለሰው ያካፍላል። ጉና ሥር ውርጭ የወረደበትን ሌሊት ያደረ ሰው የከብት ትንፋሽ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል።

ደብረ ታቦር አንድ ቀን አደርሁ። ይህች ከተማ ሁልጊዜ የምታስገርመኝ ቤተ መንግሥት የነበረች ሆና ግንብ የሌላት በመሆኗ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የየጁው ራስ ጉግሣ ቆረቆሯት፤ የልጅ ልጃቸው ራስ ዐሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በካሣ ኃይሉ እስኪሸነፉ ድረስ ጎንደር የስም፣ ደብረ ታቦር የግብር ዋና ከተማ ሆነው ኖሩ። ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ እዚሁ አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን ሰብስበው መድፍ አስፈለሱ፤ ትልቁን ሴባስቶፖልን ይዘው በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዪቱን አቃጠሏት። ዐፄ ዮሐንስም ተመላልሰው ከትመውባታል። ጣሊያንም መሽጎባት በ1933 ዓ.ም. ክረምት እጁን ሰጥቷል። ያ ሁሉ ኃይል የተቀመጠው ባብዛኛው በሣር ጣራና በድንኳን ሥር ነው። ንጉሥ ነቅሎ የሚሄድበትን ቦታ ገበሬ በድንጋይ ይተክልበታል።

ከመሥራቹ ከራስ ጉግሣ ታሪክ ደግሞ አንድ ነገር ይታወሰኛል። ባላባቶቹን ለማድከም የርስት መብታቸውን እንደ ሻሩባቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። መሬት የመንግሥት ነው የሚለው ቃል በዚህ አገር በ1967 ዓ.ም. የተወለደ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

በሌላ በኩል «ርስት አይሸጥም» የሚለውም ቃል እንደሚነገርለት ያህል የጠራ አይደለም። ዶናልድ ክረሚ የተባሉት የታሪክ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር የጎንደርንና የአካባቢውን አብያተ ክርስቲያናት ብራናዎች አገላብጠው በየኅዳጉና በየባዶው ገጽ የተጻፉ የመሬት ውሎችን አግኝተዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መሬት በወቄት ወርቅ ይሸጥ ነበር፤ ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋሱና እማኙ በወንጌሉ ወይም በተአምረ ማርያሙ ጠርዝ ላይ በስማቸው ተጽፈዋል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የሴቶቹ ብዛት ነው። ክረሚ ስለ በጌምድር ሴቶች ንብረትና ሙግት ለብቻው ጽፈዋል፤ ሴቶቹ ይወርሳሉ፣ ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፣ ዳኛ ፊት ቆመው ይሟገታሉ። እነዚህ ግን በአመዛኙ የመኳንንቱና የካህናቱ ወገን ሴቶች ናቸው። ለሌላ ሰው ስትፈጭ የኖረች ሴት በኅዳጉ ላይ የለችም። ይህን ያስተዋልሁት ከጉዞዬ ተመልሼ መጽሐፉን ዳግመኛ ስከፍት ነው።

መንደሩ ስደርስ ደላላ አላጣሁም። (ደላላ የሌለበት የኢትዮጵያ ምድር ቢኖር የጉና ጫፍ ብቻ ይመስለኛል።) ስለ ሕጉ ስነግረው አልደነገጠም። «ሽያጭ ማን አለ? ስጦታ እንለዋለን» አለ። የክልሉ ሕግ ይዞታን ማውረስንና በስጦታ ማስተላለፍን ይፈቅዳል፤ የቤተሰብ አባል ወይም ጧሪ የሆነ ሰው ሊቀበል ይችላል። «ሴትዮዋ አንተን እንደ ልጃቸው ቆጥረው፣ ስለጦርኻቸው ሰጡህ ይባላል። ገንዘቡን በጎን ነው።»

ነገሩ የገባኝ ከደቂቃዎች በኋላ ነው። የአያቴን ቤት ለማግኘት የቤቱ ነዋሪ ልጅ ተብዬ መጻፍ አለብኝ። አያቴ ዋና አባት መቁጠር ነበረባቸው፤ እኔ ደግሞ እናት መቀየር።

ሴትዮዋ ከእናቴ ጋር እኩያ ናቸው፤ ሰባውን ዘልቀዋል። ደጃፉ ላይ ቆመው «ግባ፣ ቤትህ ነው» ብለው ተቀበሉኝ። ለእንግዳ ሁሉ የሚባል ቃል ነው፤ ያን ቀን ግን ሁለታችንም ሰማነው። ጠላ ቀዱልኝ፤ ድንች ቀቀሉልኝ። ስለ መጣሁበት ጉዳይ ደላላው ቀድሞ ነግሯቸው ስለ ነበር አላስቸገሩኝም።

«የምትገዛው ምኑን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ቤቱን ነው እማማ።»

«የቱን ቤት?»

ከዚያ ከመደባቸው ሳይነሡ በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩልኝ። የምሥራቁ ግድግዳ በደርግ ጊዜ በአንድ ክፉ ክረምት ተንዶ ባለቤታቸው ከመሠረቱ እንደገና ካቡት። ምሰሶው የባሕር ዛፍ ነው፤ የአያቴ ወይራ በ1977ቱ ድርቅ ዓመት ተነቅሎ ተሽጦ እህል ሆኗል። የሣሩን ክዳን አንሥቶ ቆርቆሮ ያለበሰው ልጃቸው ነው፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ወደ ሑመራ ለሰሊጥ ዐጨዳ ወርዶ ባመጣው ገንዘብ፤ በአራተኛው ዓመት ወባ ይዞት ተመልሶ ሞተ። ጋጡን እርሳቸው ራሳቸው መርገውታል። «ከአያትህ የቀረው መቃኑና ይኼ የምዕራቡ ግድግዳ ነው። የተረፈው የእኛ ላብ ነው። የመሬቱ ደብተር በእኔ ስም ነው። ታዲያ የትኛውን ትገዛኛለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ቤቱ እንዴት ከእጃችን እንደ ወጣ እኔ የማውቀው ታሪክ አጭር ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ አያቴ ቤታቸውን ተቀምተው ደብረ ታቦር ገብተው በቁጭት ሞቱ። በቤታችን የሚነገረው ይህ ነው። እርሳቸው የነገሩኝ ከዚህ በፊት ያለውን ነው። እናታቸው በዚያ ቤት ፈጪ ነበሩ። ሌሊት በዶሮ ጩኸት ተነሥተው ወፍጮው ላይ ይንበረከካሉ፤ ልጅቱ በጀርባቸው ታዝላ፣ ኋላም አጠገባቸው ጋጡ ውስጥ ተኝታ አደገች። ርስት የሚባል ነገር የላቸውም፤ ዋና አባታቸውን የሚቆጥርላቸው ሰው አልነበረም። ከሌላ አገር በረሃብ ዘመን የገቡ ናቸው። አዋጁ ታውጆ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ቤቱና ከቤቱ ሥር ያለው መሬት ለእርሳቸውና ለባለቤታቸው ተሰጠ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ መሬት እንደገና ሲደለደል ባለቤታቸው በደርግ ጊዜ የማኅበሩ ሹም ነበርህ ተብለው «ቢሮክራት» በሚለው ስም ተመዘገቡ፤ ከመሬታቸው ተቀነሰባቸው፤ ቤቱ ግን ተረፈላቸው። «በአንድ ዘመን ጭሰኛ ብለው ሰጡን፤ በአንድ ዘመን ቢሮክራት ብለው ወሰዱብን። እኛ መቼም ያው ገበሬ ነን» አሉ፤ ሳቁም።

በበጌምድር ጭሰኛ የለም፣ ሁሉም ባለርስት ነው ሲባል የሚነበብ ብዙ ጽሑፍ አለ። በደቡብ ካለው ጋር ሲነጻጸር በጠቅላላው እውነት ነው። ጠቅላላ እውነት ግን ጋጥ ውስጥ የሚተኛውን ሰው አይቆጥርም። እናቴም ስለዚያች ሴትና ስለ ልጅዋ በሰባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም።

ያን ሌሊት በመደቡ ላይ አደርሁ። የምዕራቡ ግድግዳ ከራሴ በኩል ነበር፤ በእጄ ዳሰስሁት። ጭቃው በየዓመቱ ሲለቀለቅ ስለ ኖረ ድንጋዩ አይነካም።

በነጋታው ስለ ገንዘብ ማንም አላነሣም። ደላላው ብቻ ተከፍቶ ነበር፤ ስለ ድካሙ ሰጠሁት። ስሰናበት እማማ ከጓዳ ገብተው መጅ ይዘው ወጡ፤ ከወፍጮው ድንጋይ ላይ የሚገፋውን፣ በእጅ መያዣው በኩል የለሰለሰ። ወፍጮው ራሱ ተሰብሯል፤ የሞተር ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ማንም አይፈልገውም። «ለእናትህ ስጣት፤ ከእናትዋ ቤት የቀረ ዕቃ ነው» አሉኝ። በከረጢት ጠቅልዬ እስከ አዲስ አበባ ይዤው መጣሁ። የአውቶቡሱ ረዳት ሲያነሣው ወርቅ መስሎት ይሁን አላውቅም ሁለት ጊዜ አየኝ።

ወንድሜ ነገሩን ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ «ባሕር ዳርስ የቦታ ዋጋ እንዴት ነው?» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉና አላነሣም። እኔም ተመልሼ አልሄድሁም። መጀመሪያ ወረርሽኙ መጣ፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫና ጉና ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ያ መንገድ እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም። ቤቱ መትረፉን በሰው በሰው ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በላይ አልሰማሁም።

እናቴ መጁን የተቀበለችኝ ቀን ከሶፋው ላይ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችው። ዐይኗ ደክሟልና በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ጣቶቿን ከለሰለሰው ጎኑ ላይ አሳረፈች።

«ይኼ የእናቴ አይደለም» አለችኝ። «እናቴ ፈጭታ አታውቅም።»

ዝም አልሁ። ከቆይታ በኋላ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ፤

«ልጅቱ አለች እንዴ?»